ስንት ጽሑፍ ልገምግም? የመምህራን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ እዚሁ ሐዋሳ ካሉ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ጉዳያቸው አንድ ነው፦ የጆርናል ሪቪው፣ ማለትም ለምርምር መጽሔት (ጆርናል) የተላከን የሌላ ሰው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦ መገምገም።

ጥያቄ፦ በወር አራት አምስት ጊዜ «ይህን ጽሑፍ ገምግምልን» የሚል ኢሜይል ይመጣልኛል። እምቢ ማለት ይከብደኛል። ስንቱን ልቀበል?

መልስ፦ ሒሳቡን ከራስዎ ጽሑፍ ይጀምሩ። አንድ ጽሑፍ ሲልኩ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰው በነፃ ያነብልዎታል። ስለዚህ ለላኩት ለእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ከገመገሙ ዕዳዎን ከፍለዋል። ከዚያ በላይ ያለው በጎ ፈቃድ ነው።

ብቻ እምቢታዎን በዚያው ቀን ይላኩ። ከቻሉ በምትክዎ ሁለት ሰው ይጠቁሙ፤ ኤዲተሮችን አሳራቸውን የሚያበላቸው ፈቃደኛ ሰው ፍለጋ ነው። ዝምታ ሰው ይጎዳል። የመጀመሪያ ጽሑፌን ልኬ ዘጠኝ ወር ጠብቄያለሁ። ፍቅር ሐይቅ ነፋስ ልቀበል ወጥቼ እንኳ ስልኬን እያወጣሁ ኢሜይል አይ ነበር። በስተመጨረሻ የመጣው አስተያየት ሦስት መስመር ነው። «እንግሊዝኛው ይስተካከል» ይላል። ስለ ሥራው አንድም ቃል የለውም። ያን ቀን የተሰማኝ ስሜት ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ የአፈር ሳይንስ መምህርት ነኝ። የማላውቀው ጆርናል ስለ ልብ ሕክምና የተጻፈ ነገር ልኮ በሦስት ቀን ጨርሺ አለኝ።

መልስ፦ ተይው እህቴ። ሙያሽን እንኳ ያላየ ጆርናል ግምገማሽን ያነበዋል ብዬ አላምንም። በኤዲተርነት ከተዘረዘሩት ለአንዱ ጽፈሽ ጠይቂ፤ አንዳንዱ ስሙ እዚያ መግባቱን ራሱ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ጽሑፉን ቻትጂፒቲ ላይ ጭኜ አስተያየት ባስጽፍስ?

መልስ፦ አይሆንም። ገና ያልታተመ የሰው ልፋት በአደራ ነው የተሰጠዎት። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የምርምር ገንዘብ ማመልከቻ ለሚገመግሙለት ሰዎች ይህንን በ2023 እ.ኤ.አ. ከልክሏል።

ጥያቄ፦ ለማስተርስ ተማሪዬ ሰጥቼ በስሜ ብልከው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። መጀመሪያ ኤዲተሩን ያስፈቅዱ፤ የተማሪዎም ስም ይጻፍ። ከተፈቀደ ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። አንዴ አስፈቅጄ ከአንዲት ተማሪዬ ጋር ቢሮ ቁጭ ብለን አነበብን። ሰንጠረዥ 2 ላይ 184 የነበሩት ገበሬዎች ሰንጠረዥ 4 ላይ 179 ሆነዋል። ያየችው እሷ ናት። እኔ ሁለቴ አንብቤ አልፌዋለሁ። «አምስቱ የት ሄዱ?» ብለን ጻፍን። ስሟን ለኤዲተሩ አሳወቅኩ። ቀጣዩ ግብዣ በቀጥታ ለእሷ ደረሳት።