ቅጠሏ አልወርድ ስትል

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንዳንድ የፊዚክስ ተማሪዎች «ጋሼ፣ የፎቶኤሌክትሪክን (ብርሃን ከብረት ኤሌክትሮን የሚያስወጣበትን ክስተት) ቀመር በቃሌ ይዣለሁ፤ ግን አልገባኝም» ይሉኛል። እኔም ቀመሩን ጥርት አድርጌ ይዤ ነው ያፈርኩት።

ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። ኤሌክትሮስኮፕ (ቻርጅ ሲያገኝ ስስ የብረት ቅጠሉ የሚነሳ፣ ቻርጁ ሲወጣ የሚወርድ መሣሪያ) ላይ የዚንክ ሳህን አስቀምጬ ኔጌቲቭ ቻርጅ ሰጠሁት። «ዚንኩ ላይ አልትራቫዮሌት መብራት ሳበራ ኤሌክትሮኖቹ ይወጣሉ፣ ቅጠሏም ትወርዳለች» አልኩ። አበራሁ። ቅጠሏ ንቅንቅ የለም። ተማሪው ሳቀ። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ቀመሩን ጻፍኩና ደወሉን ጠበቅኩ።

ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። ዚንክ አየር ላይ ሲከርም ፊቱ ኦክሳይድ፣ ማለትም ዝገት መሰል ሽፋን፣ ይለብሳል፤ ኤሌክትሮኖቹን ያገተው እሱ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አደረግኩት። ቅጠሏ ወዲያው ዝቅ ማለት ጀመረች! በመሃል የመስኮት መስታወት ሳስገባ ደግሞ ቀጥ አለች። መስታወት ያንን ጨረር ያስቀራል። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ሄርትዝም በ1887 እንደ ፈረንጆቹ ይህንኑ አይቷል፤ መስታወት ሲጋርድ የመሣሪያው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይዳከማል፣ ኳርትዝ ሲጋርድ ግን አይዳከምም።

ቀመሩን ከመሸምደዳችሁ በፊት ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ጻፏቸው። ከዚንክ ኤሌክትሮን ለማስወጣት 4.3 ኤሌክትሮን ቮልት (ትንሽ የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይጠይቃል። የቀይ ብርሃን አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የብርሃን እሽግ፣ የሚይዘው 1.8 ገደማ ነው። ሐምራዊው እንኳ ከ3.1 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የስታዲየም ፓውዛ የሚያህል ቀይ መብራት ብታበሩበትም ዚንኩ አንድ ኤሌክትሮን አይሰጣችሁም። ሲዚየም የተባለው ብረት ግን 2.1 ገደማ ስለሚበቃው በአረንጓዴ ብርሃንም ይለቃል።

አንስታይን በ1905 ይህን ቀመር ሲጽፍ አሜሪካዊው ፊዚሲስት ሚሊካን አላመነውም። ስህተቱን ላሳይ ብሎ አስር ዓመት ያህል ለፋ። ሶዲየምና ፖታሲየም አየር እንዳይነካቸው፣ አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ቢላ ገጥሞ ፊታቸውን እዚያው ይልጥ ነበር። እኔ በብርጭቆ ወረቀት የደረስኩበትን እሱ እንዲያ ተጨንቆበታል። በ1916 ያወጣው ውጤት የአንስታይንን ቀመር አጸናው። ከጀርባው ያለውን፣ ብርሃን በፎቶን እሽግ ይመጣል የሚለውን ሐሳብ ግን ያኔም አልተቀበለም። ያልወደደውን ውጤት ሳይደብቅ ማውጣቱ እስከ ዛሬ ያስቀናኛል።

ሙከራ እምቢ ሲላችሁ እንደ እኔ ወደ ሰሌዳ አትሽሹ። ብረቱን አንስታችሁ ፊቱን እዩት። እኔ እኮ በማግስቱ እንኳ የተፈተገውን ሳህን ይዤ ክፍል አልገባሁም፤ ምዕራፉ አልፏል ብዬ። እነዚያ ልጆች ዛሬም መብራቱ የተቃጠለ ይመስላቸው ይሆናል።