ከአማዞን ጫማ የሚገዛ ሰው በአማዞን ለመታከም ለምን ያመነታል?

«ሰው ጫማውንም መጽሐፉንም ከአማዞን እየገዛ፣ ሐኪም በስልክህ ላቅርብልህ ሲለው ለምን ይሸሻል?» ላልከው፣ እኔ እንደሚመስለኝ ሰው የሚፈራው ሐኪሙን አይደለም። በቪዲዮ የሚያነጋግረው ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንደሆነ አይጠፋውም። የሚያስጨንቀው የተናገረው ነገር ከዚያ በኋላ የት ይገባል የሚለው ነው።

ጥርጣሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። የጎግሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ዲፕማይንድ ከለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል የ1.6 ሚሊዮን ታካሚዎችን መረጃ ወስዶ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳትን የሚጠቁም መተግበሪያ ሲሠራ፣ ታካሚዎቹ በቅጡ አልተነገራቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ሮያል ፍሪ ሕግ መጣሱን አስታወቀ። ልብ በል፣ መተግበሪያው ለክፉ የተሠራ አልነበረም። ሰውን ያስቆጣው ሳያስፈቅዱት መደረጉ ነው።

ብዙም የማይወራው ደግሞ የአገልግሎቱ ዕድሜ ነው። የአማዞን የሕክምና አገልግሎት የነበረው አማዞን ኬር እ.ኤ.አ. በ2019 ለኩባንያው ሠራተኞች ተጀምሮ በ2022 መጨረሻ ተዘጋ። በ2023 ኩባንያው ዋን ሜዲካል የተባለውን የክሊኒኮች ድርጅት በ3.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ለእነሱ የንግድ ሙከራ ነው፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት ክትትል ላለበት ሰው ግን ሐኪም መቀየር ማለት ታሪኩን ከሀ ጀምሮ እንደገና ማስረዳት ነው።

ሁሉም ይጠላዋል ማለቴ ግን አይደለም። ለቆዳ ሽፍታ ወይም የሚወስዱትን መድኃኒት ለማሳደስ ወረፋ ከመጠበቅ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ለደረት ሕመም በፍጹም! ለመመዝገብ ካሰብክ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ፈልግ፦ መረጃህ ለማስታወቂያ ይውል እንደሆነ፣ አገልግሎቱን ስታቆምም የሕክምና መዝገብህን ይዘህ መውጣት ትችል እንደሆነ።