ጥያቄና መልስ፦ ትንሽ ቡና ላኪ ከትልልቆቹ ጎን እንዴት ይቆማል?

ዛሬ የጀማሪ ላኪዎችን ጥያቄ የሚመልሱልን ጋሼ ለረጅም ዓመታት ቡና ቀማሽ ነበሩ። አሁን በራሳቸው ስም በዓመት ጥቂት ኮንቴነር ይልካሉ።

ከሳሪስ፦ ጋሼ፣ ትልልቆቹ ላኪዎች እሸት ቡናውን ሁሉ በዋጋ እየወሰዱብን ነው። በምን እንወዳደራቸው?

ጋሼ፦ በዋጋ አትግጠማቸው። ብዙዎቹ ለዓመታት ቡናውን በኪሳራ ይሸጡት ነበር። የሚፈልጉት ዶላሩን ነበር። በዶላሩ መኪናም ብረትም አስገብተው ኪሳራውን ያካክሱት ነበር። ቡና ብቻ የሚሸጥ ሰው ይህን አይችልም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያ ጥቅም ቀንሷል፤ አቅማቸው ግን አሁንም ይበልጥሃል።

ለእነሱ የማይመቻቸው ትንሹ ሥራ ነው። አንድ ኮንቴነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል። ያን ለመሙላት የብዙ ቀበሌ ቡና ይደባለቃል። አንተ የአንድ ቀበሌን እሸት ለብቻው ግዛ፣ ለብቻው የማድረቂያ አልጋ ላይ አስጣ፣ ለብቻው አስቀምጥ። የማን ማሳ እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ እንደገባ፣ በስንት ቀን እንደደረቀ ጻፍ። 30 ጆንያ ብቻ ይሁን። እንዳንተ ካሉ ላኪዎች ጋር ኮንቴነር ተጋራ። አሜሪካና ጃፓን ያሉ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ትንንሽ ድርጅቶች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ እነሱም ከትልልቆች ጋር እየታገሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የቡና ጥራት ውድድር መጀመሪያ እኛ አገር ሲካሄድ፣ ያሸነፈው የሲዳማ አርሶ አደር ቡና ፓውንዱ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጧል። ያ የጨረታ ዋጋ ነው፣ አትቁጠርበት። ግን ለብቻው የተያዘ ቡና ምን ሊያወጣ እንደሚችል ያሳያል።

አንድ ነገር ያዝልኝ፦ ናሙናህና ጭነትህ አንድ ይሁን።

ከአዳማ፦ ለመጀመር ስንት ብር ይበቃል?

ጋሼ፦ የት? የታጠበ ነው (እሸቱ ተፈልፍሎ በውሃ የሚታጠብ) ወይስ ደረቅ (ከነልጣጩ የሚሰጣ)? ስንት ጆንያ? ይህን ሳትነግረኝ ቁጥር ብሰጥህ አሳስትሃለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ ጋሼ፣ እዚህ ቆልቼ ለሐበሻ ሱቆች መሸጥ ጀምሬያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

ጋሼ፦ መቁላት የእኔ ሙያ አይደለም እህቴ። የተቆላበትን ቀን እሽጉ ላይ ጻፊ። ለሌላው እዚያው ያለ ባለሙያ ጠይቂ።

ከጉጂ፦ ዋናውን እየዘለላችሁ ነው። ቡናው ካልታጠበ ማን ይገዛችኋል?

ከድሬ፦ ሐረር መቼ ታጥቦ ያውቃል? ዓለም ያወቀው በደረቁ ነው።

ከጉጂ፦ ሐረር ስም ስላለው ነዋ!

ከድሬ፦ ስሙንስ ማን አወጣለት? ጣዕሙ አይደለም?

ጋሼ፦ ቆይ፣ ስም ከተነሳ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞን፣ ሐረርን፣ ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ትልቁ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ስታርባክስም መጀመሪያ አልተስማማም፤ የተስማማው በ2007 ነው። አገራችን «ዋጋ ጨምሩልን» ብላ አልለመነችም። ስሙ የእኔ ነው አለች። የመጠቀም ፈቃዱንም ያለ ክፍያ ሰጠች፤ ስሙ ሲታወቅ ዋጋው ይከተላል በሚል። ያ ትልቅ ብልሃት ነበር፣ ሳስበው ዛሬም ደስ ይለኛል። እናንተም ለቀበሌያችሁ እንዲሁ አድርጉ።

ደረቅ ለትንሽ ሰው ይቀላል። የእሸት መፈልፈያ ማሽንም ብዙ ውሃም አይጠይቅም። ግን አልጋው ላይ ካልተገላበጠ ይሻግታል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ክርክራችሁን እዚህ ላይ አብቁ።

ከመገናኛ፦ ጋሼ፣ ለጀማሪ በግምት ምን ያህል ብር...

ጋሼ፦ ከላይ ተጠይቋል። አንብበው።

ከፍራንክፈርት፦ የአውሮፓ ገዢዎች የማሳውን ካርታ እየጠየቁ ነው። ትንሹን ሰው አይጥለውም?

ጋሼ፦ መዝገብ ለሌለው ከባድ ነው። ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና እንዳይገባ የሚከለክለው የአውሮፓ የደን ሕግ ከ4 ሄክታር ያልበለጠ ማሳ ላይ አንድ የቦታ ነጥብ ይበቃል ይላል። የአብዛኛው ገበሬያችን ማሳ ከዚያ በታች ነው። ነጥቡን በስልክ መያዝ ይቻላል። ሕጉ የሚጀምርበት ቀን ተራዝሟል ብላችሁ አትቀመጡ። 40 ገበሬ ያለው ላኪ በሳምንት ይጨርሰዋል፤ ከሺዎች የሚሰበስበው ግን ብዙ ይፈጅበታል።

ከሳሪስ፦ ናሙናው በቅምሻ ከ100 86 ነጥብ አግኝቶ ጭነቱ 83 ቢሆንስ?

ጋሼ፦ ደርሶብኛል። መጋዘን ውስጥ ከሌላ ቡና ጋር ተደባልቆብኝ ነበር። ጅቡቲ ሳይደርስ ለገዢው ደወልኩና ነገርኩት፣ ዋጋም ቀነስኩለት። በዚያ ዓመት ከሰርኩ፤ ሰውየው ግን ዛሬም ከእኔ ይገዛል። አሁን ጆንያው ከተሰፋ በኋላ ከየአሥሩ ጆንያ እንደገና ናሙና አወጣለሁ። አንተም ከመጫንህ በፊት አውጣና ላክለት።