ለመጪው ዓመት የትኛው የአየር ጠመንጃ? መጀመሪያ ጓሮህን ንገረኝ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። መልሱ ስለሚረዝም ለዛሬ አሳደርኩት።

«በሚቀጥለው ዓመት ልትገዙት የምትመኙት የአየር ጠመንጃ የቱ ነው?» ብለሃል። ጀማሪ ነህ፣ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ከ12 ዓመት ልጅህ ጋር ጓሮ ውስጥ መተኮስ ትፈልጋለህ። ዓይንህ ያረፈው ኤፍኤክስ ኢምፓክት የሚባለው ጠመንጃ ላይ ነው፤ ያውም የበርሜሉ ቀዳዳ 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነው። ከሥር የመለሱልህ ሁሉ የየራሳቸውን ምኞት ደረደሩልህ። ጓሮህ ምን ያህል እንደሚረዝም የጠየቀህ የለም። አየሩን ከየት እንደምትሞላም የጠየቀህ የለም። የእኔ መልስ ከእነዚህ ከሁለቱ ነው የሚነሳው።

ኢምፓክት ምርጥ ጠመንጃ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ስዊድን፣ ማሪስታድ ከተማ ነው የሚሠራው። ከወጣ ወዲህ በርቀት ውድድር ላይ የማይታይበት ጊዜ የለም። በርሜሉ ይቀየራል። የአየር ግፊቱ ይስተካከላል። መዶሻው አየሩን የሚለቀውን ቫልቭ የሚመታበት ኃይልም ይስተካከላል። ያ ሁሉ ማስተካከያ ጥቅሙ ግን ለሚያውቀው ነው። ጀማሪ እጅ ሲገባ ቅዳሜን ሙሉ ሲነካካ ይውልና፣ ሲመሽ መጀመሪያ የት ላይ እንደነበረ ይጠፋበታል። ዋጋው ደግሞ ወደ 2,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስኮፑ (ማነጣጠሪያ መነጽሩ) እና አየር መሙያው ለብቻ ነው።

ጉልበቱን በቁጥር ላሳይህ። የፔሌቱን፣ የትንሿን የእርሳስ ጥይት ማለት ነው፣ ፍጥነት በጫማ በሰከንድ ትወስዳለህ፣ በራሱ ታባዛዋለህ። ከዚያ በክብደቱ፣ በግሬን ማለት ነው፣ ታባዛና ለ450,240 ታካፍላለህ። የሚመጣው ፉት ፓውንድ የሚባለው የጉልበት መለኪያ ነው። ባለ 6.35ቱ ኢምፓክት 25.39 ግሬን የሚመዝን ፔሌት በሰከንድ 900 ጫማ ቢልክ ወደ 46 ፉት ፓውንድ ይሆናል። ትንሹ የጀርመን ኤችደብሊው 30 ደግሞ 8.44 ግሬኑን በ600 ጫማ ሲልክ 6.7 ነው። ሰባት እጥፍ ገደማ ልዩነት አለው። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ከ12 ፉት ፓውንድ ማለፍ አይችልም። ጀርመን ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚገዛው ከ7.5 ጁል አይበልጥም፤ 5.5 ፉት ፓውንድ ገደማ መሆኑ ነው። የዓለም የፊልድ ታርጌት (በኋላ የምነግርህ የአየር ጠመንጃ ጨዋታ) ሻምፒዮና ራሱ የሚካሄደው በዚያችው በ12 ነው።

እንግዲህ 46 ፉት ፓውንድ የጓሮ አጥር ላይ ሲያርፍ አስበው። የእንጨት አጥር አያቆመውም። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ጎረቤት አለ፣ የጎረቤት ልጆች አሉ። ፔሌቱ ከሳተ ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል። እኛ ሐበሾች ደግሞ ጠመንጃ ላይ ትልቁን እንወዳለን። በምንሽርና በውጅግራ ሲፎከር እየሰማን ነው ያደግነው፤ ትንሽ ነገር ይዞ መታየት ያሳፍረናል። 15 ሜትር ጓሮ ውስጥ ግን ትንሹ ነው የሚያኮራው።

ወደ አየሩ ልምጣ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደነግጠው።

ኢምፓክትም ሆነ ሌሎቹ ፒሲፒ የሚባሉት አየሩ ቀድሞ የሚሞላላቸው ናቸው። ብዙዎቹ ከ200 እስከ 300 ባር ይይዛሉ። ጋራዥህ ውስጥ ያለው ጎማ የምትነፋበት ኮምፕሬሰር 8፣ ቢበዛ 10 ባር ነው። ጎሚስታውም ጋ ብትሄድ ያው ነው። ስለዚህ ሦስት መንገድ አለህ። አንደኛው የእጅ ፓምፕ ነው። ርካሽ ነው፣ ጤናማ ሰውም ይችለዋል። ከ150 ባር በኋላ ግን ክንድ ብቻ አይበቃም። ሁለት እጅህን ዘርግተህ፣ በሙሉ ክብደትህ ተጭነህ ነው የምታወርደው። ፓምፑ ይግላል፤ ሲግል ታሳርፈዋለህ፤ እርጥበቱን ታስወጣለህ፤ እንደገና ትጀምራለህ። ልጅህ መጀመሪያ ቀን በደስታ ያግዝሃል። በሁለተኛው ሳምንት ፈልገህ አታገኘውም።

ሁለተኛው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር ነው። በመኪና ባትሪ የሚሠሩም አሉ። ጥሩውም ርካሹም አለ፤ ርካሹ ይጮኻል፣ ይግላል፣ የአየር ማሸጊያ ጎማውም ቶሎ ያልቃል። ሦስተኛው የካርቦን ፋይበር ጠርሙስ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጀርባቸው ላይ የሚያዝሉት ዓይነት። እሱን ጠላቂዎች የሚገለገሉበት ሱቅ ወስደህ ታስሞላለህ። ሁሉም ሱቅ ግን እስከ 300 ባር አይሞላም፤ ከመግዛትህ በፊት ደውለህ ጠይቅ። ጠርሙሱ አሜሪካ ውስጥ በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት መፈተሽ አለበት። የአብዛኞቹ ዕድሜም 15 ዓመት ነው። ርካሽ ያገለገለ ጠርሙስ ካየህ መጀመሪያ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቀን አንብብ። ስታነበው ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይገባሃል።

አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርህ። ኦክስጅን በፍጹም አይሞላም። በከፍተኛ ግፊት ያለ ኦክስጅን ትንሽ ቅባት ሲያገኝ ይፈነዳል። «ሆስፒታል የሚሠራ ዘመድ አለኝ፣ ሲሊንደር ያመጣልኛል» ያለ ሰው አጋጥሞኛል። የሚሞላው ንጹሕ የታመቀ አየር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ስትደምረው ለአንተ የምመክረው ፒሲፒ አይደለም። ባለ ሞላ ጠመንጃ ነው፤ ውስጡ ያለው ሞላ ፒስተን ገፍቶ አየሩን እዚያው ያምቀዋል። በርሜሉን ከማጠፊያው ወደታች ሰብረህ ታቀባብላለህ፣ አንድ ፔሌት ታስገባለህ፣ ትዘጋለህ፣ ትተኩሳለህ። ፓምፕ የለ፣ ጠርሙስ የለ።

ስሙን ልጥራልህ። ኤችደብሊው 30ኤስ፣ በ4.5 ሚሊ ሜትር። የሚሠራው ቫይራውኽ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ነው፤ ከ1899 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቢማን አር7 ተብሎ የሚታወቀውም መሠረቱ ይኸው ነው። ክብደቱ 2.5 ኪሎ አካባቢ ነው። ከ500 ዶላር በታች ታገኘዋለህ። የ12 ዓመት ልጅ ራሱ ሊያቀባብለው ይችላል፤ ከትልልቆቹ የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነው። ምላጩ ሬኮርድ ይባላል፤ የሚሳበው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ቀለል ብሎ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ ኢላማህን ታያለህ። ከዚያ ጥቂት ስትጨምርበት ብቻ ይለቃል። በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ምላጭ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ባለ ሞላ ጠመንጃ ግን አመል አለው። ምላጩ ሲለቅ ፒስተኑ ወደፊት ይወረወራል፤ ጠመንጃው ወደኋላ ይገፋሃል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ጠመንጃው ወደፊት ይስባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፔሌቱ ገና በርሜል ውስጥ እያለ ነው። ስለዚህ አጥብቀህ ከያዝከው ይስታል። ግራ እጅህን ዘርግተህ መዳፍህ ላይ አስተኛው፤ በጣትህ አትጨብጠው። ትከሻህ ላይም ዝም ብሎ ይረፍ። በየጊዜው መዳፍህ አንድ ቦታ ላይ ይሁን። ጣትህ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደፊት ከሄደ ፔሌቱም ሌላ ቦታ ይሄዳል። እዚህ ሰፈር «ጠመንጃው ተበላሸ» እያሉ የሚለጥፉ ሰዎች አብዛኞቹ ችግራቸው አያያዝ ነው።

በዚሁ ምክንያት ስኮፕ ስትገዛ ለባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ የተሠራ መሆኑን አረጋግጥ። ለባሩድ ጠመንጃ የተሠራው የወደኋላውን ግፊት እንጂ የወደፊቱን አይችልም። ውድ ስኮፕ ውስጡ ተፈትቶ ሲንኳኳ ሰምቼ አውቃለሁ። በቅርብ ርቀት ጥርት አድርጎ የሚያሳይም ይሁን፤ ለጓሮ ቢያንስ ከ10 ያርድ መጀመር አለበት። ልጁን ግን መጀመሪያ ጠመንጃው ላይ ባለው ማነጣጠሪያ አስተምረው፤ ስኮፑ ይደርሳል።

በርሜሉ ተሰብሮ ፔሌት በሚገባበት ጊዜ አንድ እጅ በርሜሉን ይዞ ይቆያል። ሁልጊዜ። ካመለጠ ጣት ይቆርጣል። ፔሌት ሳይገባ አይተኮስም፤ የፒስተኑን ምት የሚያለዝበው አየር ስለሚያመልጥ ውስጡን ይሰባብረዋል። ውስጡ ዘይት አይጨመርም፤ በግፊቱ ይቃጠላል። የብረት ጥይት፣ ቢቢ የሚባለው ድቡልቡሉ፣ እዚህ በርሜል ውስጥ አይገባም፤ የበርሜሉን ጥምዝምዝ ይፍቃል፣ ጠንካራ ነገር ሲነካም ወደ ዓይን ይመለሳል። መነጽር ለሁላችሁም። ፔሌቱ እርሳስ ስለሆነ ከጨዋታው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ ቆሎ እንዳትዘግኑ።

ፔሌቱ የሚያርፍበትን ከጠመንጃው በፊት ሥራው። እኔ ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የግድግዳ ቀዳዳ የሚደፍኑበትን ጭቃ መሰል ማሸጊያ ጠቅጥቄ፣ ከኋላው ብረት አድርጌ ነው የምጠቀመው። ሕንፃ መሣሪያ መደብር በትንሽ ገንዘብ ይሸጣል። ፔሌቱ ይሰምጣል፣ ድምፅ የለውም፣ አይመለስም። ሲሞላ በቢላዋ እየፈለፈልክ እርሳሱን ታወጣለህ። ልጄ ይህን ሥራ ከተኩሱ በላይ ነው የሚወደው።

የእኔ ምኞትስ? ስለጠየቅክ አልደብቅህም። በርሜሉ የማይሰበር፣ ከሥር ባለው ዘንግ የሚቀባበል ባለ ሞላ ነው የምፈልገው። ሁለት ናቸው ዓይኔ ላይ ያሉት፦ የእንግሊዙ ኤር አርምስ ቲኤክስ 200 እና የጀርመኑ ኤችደብሊው 97ኬ። ሁለቱም እንደ ሻጩ ከ700 እስከ 1,000 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ቲኤክሱ ሄይልሻም ነው የሚሠራው። ሲቀባበል ጥርስ በጥርስ እየያዘ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ዘንጉ ቢያመልጥህ እንኳ ጣትህን እንዳይቀረጥፍ ነው። ከባድ ግን ነው፤ ስኮፕ ሲደረግበት ከ4.5 ኪሎ ይበልጣል። ለእኔ ክብደቱ ይጠቅመኛል፤ ተቀምጬ ስተኩስ ዝም ይላል። ለልጅህ አይሆንም።

ለምን እሱን እንደፈለግኩ ልንገርህ። ፊልድ ታርጌት የሚባል ጨዋታ አለ። ጫካ ውስጥ የብረት እንስሳት ይተከላሉ፣ ከ10 እስከ 55 ያርድ። እንስሳው ላይ ቀዳዳ አለ፤ አንዳንዱ በጣም ትንሽ፣ አንዳንዱ ሰፋ ያለ። ቀዳዳውን ካገኘኸው ብረቱ ዱብ ይላል። የቀዳዳውን ጠርዝ ከነካህ ዝም ብሎ ያይሃል። ርቀቱን የሚነግርህ የለም፤ ስኮፕህን እያጠራህ ራስህ ነህ የምትገምተው። ነፋሱንም እንደዚያው። ለፒስተን ጠመንጃ የተለየ ምድብ ስላለው ፒሲፒ ካለው ሰው ጋር አልጋፋም። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ይካሄዳል፤ ለእንግዳ ጠመንጃ የሚያውሱ ደጋግ ሽማግሌዎች ሞልተውበታል። ከመግዛትህ በፊት አንድ ቀን ሄደህ ብትሞክር ካነበብከው ሁሉ ይበልጥሃል።

ሌሎቹን ባጭሩ። ዲያና 34 ጥሩ ነው፣ ለልጅ ግን ይጠነክራል። የቱርኩ ሃትሳን ጉልበቱ ብዙ፣ ክብደቱም ብዙ ነው። ፒሲፒ የግድ ካልክ ቤንጃሚን ማራውደር አለ፤ ከ2009 ጀምሮ የታወቀ ነው፣ በርሜሉ ስለተሸፈነ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ መለዋወጫው አይጠፋም። ኡማሬክስ ጋንትሌትም በርካሽ ፒሲፒ መንገድ የከፈተ ነው፤ ሰደፉ ግን ለእኔ ይወፍራል።

ፔሌት አንድ ዓይነት ብቻ ገዝተህ አትፍረድ። ከቼኩ ጄኤስቢ አንድ፣ ከጀርመኑ ኤች ኤንድ ኤን አንድ ቆርቆሮ ውሰድና አወዳድር። እያንዳንዱ በርሜል የራሱ ምርጫ አለው። ቆርቆሮውን ከፍተህ ቀሚሱ (የፔሌቱ ክፍት የኋላ ጠርዝ) የተጣመመውን ለይ፤ እሱ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ልጅህ ነገሩን ከወደደው ትምህርት ቤቱን ጠይቅ። ጄአርኦቲሲ የሚባለው የተማሪዎች ወታደራዊ ሥልጠና ያላቸው ብዙ ሃይስኩሎች የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ቡድን አላቸው። ተኝተው፣ ቆመው፣ ተንበርክከው ይተኩሳሉ። ሲኤምፒ የሚባለው የኢላማ ተኩስ ድርጅት አላባማ አኒስተን እና ኦሃዮ ካምፕ ፔሪ ለዚሁ የተሠሩ አዳራሾች አሉት። በኦሊምፒኩ 10 ሜትር ውድድር የመሀሏ ነጥብ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። ለልጅህ ይህን ንገረውና ፊቱን እይ።

ሕጉን በተመለከተ፣ የፌዴራሉ ሕግ ባሩድ ስለሌለው እንደ ተራ ጠመንጃ አያየውም። ግን እዚያ ላይ አትቁም። ኒው ጀርሲ እንደ ጠመንጃ ነው የሚያየው፣ የመግዣ መታወቂያ ይጠይቃል። ኒው ዮርክ ከተማም ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። በአንዳንድ ካውንቲ ደግሞ መያዙ ተፈቅዶ ጓሮ ውስጥ መተኮሱ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ካውንቲህን ሳትጠይቅ አንድም ነገር እንዳትገዛ። ከሥር «ለወንድሜ አገር ቤት ይዤለት ልሂድ?» ያልሽው እህታችን ደግሞ፣ ሻንጣ ውስጥ ከተሽ ቦሌ ላይ እንዳትወርጂ። መጀመሪያ ወንድምሽ ፌዴራል ፖሊስን ይጠይቅ፤ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ።

«ጃንዋሪን ልጠብቅ ወይ?» ላልከው፦ ላስ ቬጋስ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ሾት ሾው የሚባል የጠመንጃ ትርኢት አለ፤ አዳዲሶቹ እዚያ ይታያሉ። ታዩ ማለት ግን ሱቅ ገቡ ማለት አይደለም። ጃንዋሪ ላይ የተዋወቀው በመኸር ሲመጣ አይቻለሁ፣ ጭራሽ ያልመጣም አለ። የመጡትም የመጀመሪያው ዙር እንከን አያጣቸውም፤ ሌላው ሰው ይፈትሽልህ። ኤችደብሊው 30 ግን ጃንዋሪም ገዛኸው ጁላይ ያው ነው። ካውንቲህንና የጓሮህን ርዝመት ጻፍልኝ፣ ሳጥኑን እንዴት እንደምትሠራው ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።