ኬዙ ሲነበብ ሁላችንም ዝም እንላለን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ፒቢኤሉ (ከአንድ ችግር ተነስቶ በቡድን እየተወያዩ የመማር ዘዴው) ኦንላይን ሆኖብናል። ኬዙ፣ ማለትም የምንወያይበት የበሽተኛ ታሪክ፣ ሙሉውን ቀደም ብሎ በቴሌግራም ይላክልናል፤ ከዚያ ስምንታችንም ዙም ላይ ገብተን የየድርሻችንን ስላይድ አንብበን እንወጣለን። ውይይት የሚባል የለም። ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ከዚህስ ሌክቸር ቢሰጠን አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም ልጄ። አሁን እየወሰዳችሁ ያላችሁት እኮ ለስምንት የተከፋፈለ ሌክቸር ነው።

ዘዴው በ1969 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሲጀመርም ችግሩ ይቀድማል፤ ከዚያ ግምት፣ ከዚያ የማናውቀውን መለየት፤ መጽሐፍ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። ኬዙ እስከ ምርመራ ውጤቱ ቀድሞ ከደረሳችሁ ምን የሚያከራክር ነገር ይቀራል? ዝም የምትሉት ለዚህ ነው፤ ኔትወርኩ ሁለተኛ ነው።

ጎንደር ሳስተምር የምወደው ኬዝ ነበር። የ23 ዓመት ወጣት፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ የተመለሰ፣ ከወር በላይ ያተኮሰው። መጀመሪያ የምሰጠው ይህንን ብቻ ነው። "ወባ!" ይላሉ፤ ደህና ግምት ነው። ቲቢ ወይም ታይፎይድ የሚልም አይጠፋም። ቀጥሎ ሁለተኛው ክፍል ይመጣል፦ ብለድ ፊልሙ (በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ናሙና) ወባ አላሳየም፤ ልጁ ከስቷል፤ ጣፊያው እምብርቱ ድረስ ወርዷል፤ ቀይ የደም ሴል፣ ነጭ የደም ሴል፣ ፕሌትሌት ሁሉም ቀንሰዋል። እዚህ ላይ ካላ አዛር (ጣፊያን የሚያሳብጥ የተውሳክ በሽታ) ብሎ ስም መጥራት ቀላል ነው። እኔ የምጠብቀው "ሦስቱም ለምን አብረው ቀነሱ?" የሚለውን ጥያቄ ነው። አንዱ ያበጠው ጣፊያ ሴሎቹን ይዞ ያስቀራቸዋል ይላል፤ ሌላዋ የለም፣ ተውሳኩ መቅኒው ውስጥም ገብቷል ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። በዚህ የተከራከረ ተማሪ ዋርድ ገብቶ ትልቅ ጣፊያ በዳሰሰ ቁጥር ምክንያቱን ራሱ ያመጣዋል።

ይህ ኦንላይንም ይሆናል። ኬዙ እየተቆራረሰ እንዲላክላችሁ ቱተራችሁን ጠይቁ። ኔትወርክ የሚያስቸግረው ሰው እንዳይቀር እያንዳንዱ ግምቱን የሌላውን ሳይሰማ በድምፅ መልእክት ለጸሐፊያችሁ ይላክ፤ እሷ ሁሉንም አንድ ላይ ጽፋ ትለጥፍ። ዙሙን ለክርክሩ ብቻ አስቀሩት፤ ያኔ በነጻ የሚሰጠው 40 ደቂቃ ይበቃችኋል። ካሜራውን ዝጉ፣ ድምፁ ይሻሻላል። ስላይድ ደግሞ ጨርሶ ይቅር፤ ያነበበ ሰው በቃሉ ያስረዳ።

ቱተሩ ቶሎ መልሱን ሊነግራችሁ ሲል "ዶክተር፣ ትንሽ እንሞክረው" በሉት። ነውር የለውም፤ እኔ ብሆን ደስ ይለኛል።