በዛንዚባር የድንጋይ ከተማ አንድ ቀን

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ወደ ዛንዚባር ልንጓዝ ነው። ለጥንታዊው የድንጋይ ከተማ ያለን አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ የትኛውን ስፍራ እናስቀድም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማለዳውን ለአንግሊካን ካቴድራል እንድታውሉት አጥብቀን እንመክራለን። ካቴድራሉ የታነጸው ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት በ1873 እ.ኤ.አ. በዘጋው የባሪያ ገበያ ስፍራ ላይ ሲሆን፣ መንበሩም ባሮች ይገረፉበት የነበረው ዛፍ በቆመበት ቦታ እንዳረፈ ይነገራል። በግቢው ጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት ታስረው የቆሙትን ሐውልቶች ሳትቸኩሉ ተመልከቷቸው፤ በእኛ እምነት ከከተማዋ ቅርሶች ሁሉ ይህን ያህል ልብ የሚነካ የለም።

ከዚያ በኋላ ኦማኖች የገነቡትን አሮጌውን ምሽግ መጎብኘት ትችላላችሁ። በአጠገቡ የሚገኘው፣ በ1883 እ.ኤ.አ. የተሠራው የድንቆች ቤት የተባለው የቀድሞ የሱልጣን ቤተ መንግሥት ግን በ2020 እ.ኤ.አ. ከፊሉ ስለተደረመሰ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች በመሆናቸው ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ ተገቢ ነው። ሲመሽ በባሕሩ ዳርቻ በሚገኘው የፎሮዳኒ መናፈሻ ትኩስ የባሕር ምግብ ይሸጣል።