ጫጫታውን አታጥፉት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ በድምፅ ቴክኒሻንነት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የሰዎችን አሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ እንደ እናንተ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ካሴቱን በፌስታል ወይም በካርቶን ተሸክመው ይመጡና "የእማዬ ናቸው"፣ "የአባባ ናቸው" ብለው ድምፃቸው ሲቀየር ባለቤቱ እንዳረፈ ይገባኛል። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ካርቶኑን አልጋ ሥር አስቀምጣችሁ መክፈት ለከበዳችሁ ነው።

እኔም የዚህ ሐዘን ሰው ነኝ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። እትዬ ነበር የምላት። ያደግነው ደሴ ነው። ከቀለም ትምህርት ብዙም አልገፋችም፤ ክራር ሁለት ሦስቴ ሲመታ ግን "ይሄ አምባሰል ነው"፣ "ይሄማ ባቲ ነው፣ ዝም ብለህ ስማ" ትለኝ ነበር። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በጆሮዬ መለየት የቻልኩት በእሷ ነው። በኋላ ሥራ ዓለም ገብቼ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ ባልደረቦቼ ስለ ቅኝት ሲከራከሩ እኩል የምከታተላቸው በዚያ ስንቅ ነበር። እትዬ የካሳ ተሰማ ክራር ሲመጣ ሥራዋን ታቆማለች። አስናቀች ወርቁ ስትመጣ ደግሞ ሥራዋን ሳታቆም አብራ ታንጎራጉራለች። ማሪቱ ለገሠ ከሆነች የወሎ ልጅ ናትና ድምፁን ከፍ አድርጋ ለጎረቤት ሁሉ ታሰማለች።

ሸክላ በቤታችን አልነበረም። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ የማሳተሙ መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ያ ወጣት ደፍሮ ባይገባበት ኖሮ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ስንቱ ተቀድቶ እንደሚቀር እጠራጠራለሁ፤ ለእሱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ነገር ግን ሸክላና ማጫወቻው አቅም ይጠይቃል። ሙዚቃ እንደ እኛ ያለ ቤት በደንብ የገባው በ1970ዎቹ ካሴት ሲስፋፋ ነው። ካሴት ደግሞ ሸክላ የሌለው አንድ ጸጋ ነበረው፤ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊቀዳበት ይችላል።

እትዬ ትቀዳ ነበር። ሬዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና ቴፑን ፊት ለፊቱ ታዞራለች። በሁለቱ መካከል ሽቦ የለም፤ ቴፑ የሚሰማው ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው። ጋዜጠኛው የዘፋኙን ስም ሲጠራ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ትጫንና "ዝም በሉ! እየቀዳሁ ነው!" ትላለች። ያ "ዝም በሉ" በየካሴቱ መጀመሪያ ላይ አለ። ከዚያ ዘፈኑ ይቀጥላል፤ ከዘፈኑ ሥር ሙቀጫ ይወቀጣል፣ የጎረቤት አውራ ዶሮ ይጮሃል፣ አንድ ሰው በር ያንኳኳል፣ እሷም በሹክሹክታ "ኋላ ና፣ ኋላ ና" ትለዋለች። አንዱ ካሴት ላይ መቅዳቷን ረስታ ማንጎራጎር ትጀምራለች። ከዘፋኟ ትንሽ ዘግየት ትላለች፤ አንዱን ስንኝም እንደተዘፈነው ሳይሆን እሷ እንደሚጥማት አድርጋ ነው የምትለው። መሃል ላይ ትዝ ሲላት ትስቅና ዝም ትላለች።

እነዚህን ካሴቶች ገልብጬ ዋሽንግተን ለሚኖረው ልጇ ላክሁለት። እሱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ወዲያው ጻፈልኝ፤ "አጎቴ፣ ይህን ጫጫታ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ፤ ዘፈኑ ብቻ ጥርት ብሎ ይወጣል።" እውነቱን ነው፤ አለ። እኔም ስንት ዓመት ደመወዝ የበላሁት ጫጫታ በማጥፋት ነበር። "ዘፈኑን ጥርት ያለውን ከየትም ታገኘዋለህ" አልኩት። "ይህን ካሴት ያስቀመጥነው ለጫጫታው ነው። ማሽኑ የእናትህን እንጉርጉሮ ከሙቀጫው ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም አብሮ ይጠርጋቸዋል።" ሁለት ቀን ዝም አለኝ። ከዚያ ደውሎ "ከኋላ የሚያለቅሰው ሕፃን ማነው?" አለኝ። አንተ ነህ አልኩት።

ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው። ካሴቱን ስትገለብጡ ከነጫጫታው፣ ከነመቆራረጡ፣ ከነጋዜጠኛው ወሬ እንዳለ ገልብጡት። ለመስማት እንዲመቻችሁ የጠራ ሌላ ቅጂ ማውጣት ትችላላችሁ፤ መጀመሪያ የገለበጣችሁት ግን አይነካ። ባዶ መስሏችሁ ልትቆርጡት የምትፈልጉትን ክፍልም እስከ መጨረሻው ስሙት። ዘፈን ካለቀ በኋላ ቴፑን ሳያጠፉ ወጥ ወደ መሥራት የሄዱ ብዙ እናቶችን ድምፅ ያገኘሁት እዚያ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ካሴቱን እንዳገኛችሁ ከጀርባው ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ቢሳሳት እንኳ በላዩ መቅዳት አይችልም። ዓመታት ሳይነካ የቆየ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ሊጣበቅ ስለሚችል ከማጫወታችሁ በፊት እስከ ዳር አጠንጥናችሁ መልሱት። ክሩን ከቴፑ ድምፅ አንባቢ (ሄድ) ጋር የምታገናኘው ትንሿ የስፖንጅ ቁራጭ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፤ ያ የክሩ ጥፋት አይደለምና ተስፋ አትቁረጡ፣ ክሩን አውጥቶ ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር ይቻላል። የቴፑን ሄድ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉት። ሻጋታ ያለበትን ካሴት ራሳችሁ አትሞክሩት፤ ማሽኑንም ሌሎቹን ካሴቶችም ይበክላል። የዘጠና ደቂቃው ክር ከስልሳው የሳሳ ስለሆነ ቴፕ ቶሎ ይበላዋል፤ በእሱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለስ አታብዙ። ስትቀዱ በዋቭ (WAV) ፋይል ቅዱ፤ ኤምፒስሪ ፋይሉን የሚያሳንሰው ከድምፁ ላይ እየቀነሰ ነው፣ መጀመሪያ የሚሠዋውም እኛ የምንፈልገውን ከሥር ያለውን ረቂቅ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። "በሐዘን ላይ ሆኖ ዘፈን መስማት ነውር አይደለም ወይ?" ትሉኛላችሁ። በለቅሶ ቤት ሬዲዮ ይዘጋል፤ በአንዳንዱ ቤት እስከ አርባ፣ በአንዳንዱ እስከ ሙት ዓመት። ይህን ልማድ አትናቁት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ የታወቀ ዜማ ሳይታሰብ ጆሮ ላይ ቢወድቅ ሰውን ሊጥለው ይችላል፤ ወጉ ከዚያ ይጠብቃል። ቅር የሚለኝ ጊዜው ካለፈ በኋላም ዝምታው ሲቀጥል ነው። ቴፑ ጨርቅ ለብሶ ዓመታት የሚቀመጥባቸው ቤቶች አሉ፤ የልጅ ልጆቹ አያታቸው ምን ይወድ እንደነበር ሳያውቁ ያድጋሉ። አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ሙሾ አውራጇ የሟቹን ሙያና ደግነት እየጠራች ታስለቅስ ነበር፤ ሐዘኑ የሚወጣው በዜማ ነበር። መነኩሴዋ ፒያኖ ተጫዋች እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም በጣልያን ወረራ ዘመን ለተገደሉ ቤተሰቦቻቸው መታሰቢያ የፒያኖ ሥራ ደርሰዋል። ቃል ያለው ዘፈን ለሚከብደው ሰው የእሳቸውን ፒያኖ አስቀድሞ እንዲሰማ እመክራለሁ።

ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ ያየሁትንም አልረሳም። አገር ሁሉ አለቀሰ። ያን ሰሞን አጠገቤ ሲያለቅሱ የነበሩትን ባልደረቦቼን ሳነጋግር ግን አንዱ የሚያነሳው አባቱን፣ ሌላዋ የምታነሳው ወንድሟን ነበር። ዘፈኑን አብረው የሰሙትን ሰው ነበር የሚያለቅሱት።

እናም ወጉ ሲፈጸም ካሴቱን ክፈቱት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙት ግን ብቻችሁን፣ ማታ፣ ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ ሰክታችሁ አይሁን። ሟቹን የሚያውቅ ሰው ጋብዙ፤ አክስት፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ። ቡና ይፈላ። ከምንም በላይ ይወደው ከነበረው ዘፈን አትጀምሩ፤ እንደ ነገሩ ይሰማው ከነበረው ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ እሱ ድረሱ። እንባ ከመጣ ይምጣ። ከከበዳችሁም ዝጉት፤ ነገ ይቀጥላል። የምትሰሙት መንዙማም ይሁን የበገና መዝሙር፣ የሰርግ ዘፈንም ይሁን ቀረርቶ፣ ሟቹ የወደደው እስከሆነ ድረስ ዋጋው አንድ ነው።

በባዕድ አገር ያላችሁ፣ በተለይ ቤሩት፣ ጅዳና ዱባይ የምትሠሩ እህቶች፣ የእናንተን ሐዘን ሳስብ ሆዴ ይባባል። መርዶ በስልክ ሰምታችሁ፣ ቀብር ሳትደርሱ፣ በማግስቱ ሥራ ትገባላችሁ። የእናንተ ካሴት ስልካችሁ ውስጥ ነው። እናታችሁ በኢሞ ወይም በቴሌግራም የላከችላችሁን የድምፅ መልእክት ዛሬውኑ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት፤ ስልክ ሲቀየር ወይም ሲሰረቅ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በሕይወት ያለች ከሆነ ደግሞ "በልጅነትሽ ሰርግ ላይ ምን ይዘፈን ነበር? እስቲ ልስማው" በሏት። "ድምፄ አያምርም" ማለቷ አይቀርም፤ ለምኗት። እንደምትቀዱም ንገሯት። ስትዘፍን ከኋላ የሚረብሹ ልጆች ካሉ ዝም አታሰኟቸው።

በመጨረሻ፣ በካሴት የተነሳ ወንድምና እህት ሲቀያየሙ አይቻለሁና ይህን አስቡበት። ዋናው ካሴት ዝናብ የማይገባበት፣ ከድምፅ ማጉያና ከማግኔት የራቀ ቦታ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ ቅጂው ለሁሉም ይድረስ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ሌላ ከተማ ይኑር። በፋይሉ ላይ የዘፋኙን ስም ብቻ አትጻፉ። የት ቤት፣ በግምት በየትኛው ዓመት እንደተቀዳና ከኋላ የሚሰሙት እነማን እንደሆኑ ጻፉ። ድምፆቹን ለይተው የሚነግሯችሁ ሽማግሌዎች ዛሬ አሉ፤ ካሴቱን ይዛችሁ ሂዱና አሰሟቸው። የእትዬን ካሴቶች እኔና አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ተቀምጠን ስንሰማ፣ ሙቀጫ የምትወቅጠውንም፣ አውራ ዶሮው የማን እንደነበረም ለይተናል። ያ በር አንኳኪ ብቻ ቀርቶናል። የሚያውቀው ሰው ኮምቦልቻ አለ ስለተባልኩ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዣለሁ።